ብሮኮሊዬ ለምን ራስ አላወጣም? አንድ ጥያቄ፣ ሠላሳ አንድ መልስ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት የጓሮ አትክልት መድረክ ላይ ያነሣችው በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የምትኖር ሴት ናት። በጓሮዋ ሁለት መደብ ብሮኮሊ ተክላለች። ግንዱ ወፍሯል፣ ቅጠሉ ሰፍቶ ከጉልበት በላይ ደርሷል፣ መሃሉን ገልጣ ስታይ ግን የምትጠብቀው ራስ፣ ማለትም የሚበላው ጥቅጥቅ ያለ እምቡጥ፣ የለም። ጥቂቶቹ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል እምቡጥ አሳይተው ነበር፤ እሱም ሳይጠጥር ተበታትኖ ቢጫ አበባ ሆነ። ጽሑፏ በጥያቄ ቢጀምርም ያለቀው በፍርድ ነው፦ ባሕር ዳር ለብሮኮሊ አይሆንም፣ ይህ የሆለታና የደብረ ብርሃን ተክል ነው፣ የተለየ ልምድ ያለው ሰው ካለ ይናገር። ሁለት ፎቶዎችም አያይዛለች።

ተናጋሪ አልጠፋም። ሠላሳ አንድ መልስ ተጽፎላታል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ከአብዛኞቹ መልሶች የተረዳሁት ስለ ጠያቂዋ ጓሮ ሳይሆን ስለ መላሹ ጓሮ ነው። ሁሉም በራሱ መደብ ላይ የደረሰውን በሽታ ይዞ መጣ። ዘሩን በየትኛው ወር እንደዘራች የጠየቃት ሰው እስከ 11ኛው መልስ ድረስ አልተገኘም።

1ኛው መልስ ማጽናኛ ነው። ጸሐፊዋ እኅቴ አይዞሽ ብላ ጀምራ፣ የብሮኮሊ ችግኝ ወደ መደብ ከተዛመተ (ከተዛወረ) በኋላ እንደ ዝርያው ከሁለት እስከ ሦስት ወር እንደሚፈልግ፣ ስለዚህም ትንሽ መታገሥ እንደሚገባ መከረች። ቅን ምክር ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂዋ አበባው ቢጫ ሆኗል ብላለች፤ ያበበ ብሮኮሊ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አይጠቀለልም። 2ኛው መላሽ ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ የጻፈ ሰው ሲሆን በጠያቂዋ ፍርድ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። እሱም ሞክሮ እንደከሠረ፣ አሁን በዚያው መደብ ቆስጣና ካሮት እንደሚያመርት፣ ከአየር ንብረት ጋር መጣላት ትርፍ እንደሌለው ገለጸ። ይህ ሰው በኋላም ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ ግን ድምፁ ከፍ ብሎ ነው።

በ3ኛው መልስ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ገቡ። ጠያቂዋን ልጄ እያሉ በረጅሙና በትሕትና ጻፉ። የእሳቸው ሐሳብ ነገሩ ሁሉ አፈር ነው የሚል ነው፤ ብሮኮሊ በላተኛ ተክል ስለሆነ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ካልጠገበ ራስ የመሥራት አቅም አያገኝም አሉ። 4ኛው መላሽ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ብሎ በተቃራኒው ቆመ። እንደ እሱ አባባል ችግሩ ረሃብ ሳይሆን ጥጋብ ነው፤ ዩሪያ የበዛበት ተክል ቅጠል እያበዛ ይኖራል፣ ግንዱም ውስጡ ባዶ ይሆናል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ናይትሮጅን፣ ማለትም ፍግም ዩሪያም የሚሰጡት ምግብ፣ ያነሰው ብሮኮሊ ቀጭጮ የልብስ ቁልፍ የምታህል ራስ ያወጣል፤ የበዛበት ደግሞ ቅጠልና ቀዳዳ ግንድ ያበዛል። 5ኛው መላሽ ለባዶው ግንድ ቦሮን የተባለው ንጥረ ነገር እጥረትም ሌላ ምክንያት እንደሚሆን ጨመረ፣ ቦሮን ያለበት ቦራክስ በእፍኝ እንዳይበተንም አስጠነቀቀ፤ ምክንያቱም ተክሉ የሚፈልገው እጅግ ጥቂቱን ስለሆነና ከልክ ካለፈ ስለሚመርዘው ነው። ማስጠንቀቂያው ጥሩ ነው። ችግሩ ጠያቂዋ ስለ ግንዱ ባዶነት አንዲት ቃል አለመጻፏ ነው።

6ኛው መልስ ከሁሉም ያሳቀኝ ነው። የጻፈችው ዘንዘልማ አካባቢ የምትኖር ወጣት ናት። አማቷ ከገጠር ሊጠይቋት መጥተው ሰንብተው ነበር። ሥራ ፈትተው መቀመጥ የማይወዱ ሴት ናቸውና ጠዋት ጠዋት ጓሮ እየገቡ የብሮኮሊውን የታች ቅጠል እንደ ሐበሻ ጎመን እየቀነጠቡ ወጥ ይሠሩበት ነበር። ወጡ ጣፋጭ ነበር፣ እሷም ሳትሳቀቅ እንደበላች አምናለች። በስተመጨረሻ ግን መደቡ ላይ የቀረው ረጅም እርቃን ግንድና ጫፉ ላይ አራት አምስት ቅጠል ብቻ ሆነ። ራሱ ወጣ፣ ከእንቁላል ግን አልበለጠም። አማቷም አይተው ይህ ጎመን ምን ነክቶት ነው አበባ የሚያወጣው ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ለእትዬ ይህንን ማስረዳት እንዳልደፈረች ጻፈች። ከቀልዱ በስተጀርባ ቁም ነገር አለ። የሐበሻ ጎመን የሚተከለው ለቅጠሉ ስለሆነ በተቀነጠበ ቁጥር ይለመልማል። የብሮኮሊ ራስ ግን የሚሠራው ቅጠሉ ባጠራቀመው ምግብ ነው፤ ቅጠሉን መብላት የሚፈልግ ራሱ እስኪቆረጥ መጠበቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ቅጠሉም ግንዱም ይበላል።

ከ7 እስከ 10 ያሉት መልሶች ወደ ሌላ መንገድ ወጡ። 7ኛው ጸሐፊ ብሮኮሊ የሆቴል ምግብ ነው፣ አያቶቻችን ሳይበሉት ኖረዋል፣ ጎመናችን እያለ የፈረንጅ አበባ ምን ያደርግልናል ሲል ተሣለቀ። 8ኛው መላሽ አልታገሠውም፤ በርበሬውም ቲማቲሙም ድንቹም ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን አስታውሶ ምሳውን ያለ እነሱ እንዲበላ ጋበዘው። 9ኛው መልስ ነገሩን ወደ እውቀት መለሰው፣ እኔም አንብቤው ደስ አለኝ። ብሮኮሊ፣ ጥቅል ጎመን እና የአበባ ጎመን የአንድ ዝርያ ልጆች መሆናቸውን አስረድቶ፣ የእኛ ጎመን ዘር ደግሞ በጥንት ዘመን የዚያ ዝርያና የጥቁር ሰናፍጭ መዳቀል ያስገኘው መሆኑን ጻፈ። ይህንን ዝምድና በ1935 እ.ኤ.አ. ግልጽ አድርጎ ያሳየው ዩ የተባለ፣ ጃፓን የተወለደና አባቱ ኮሪያዊ የሆነ ተመራማሪ ነው። እንግዲህ ብሮኮሊ ለጎመናችን ባዕድ ሳይሆን የእናት ወይም የአባት ወገን ነው ማለት ነው። 10ኛው ለስኳር በሽታ መድኃኒት እንደሆነ ሰምቻለሁ ብሎ አለፈ። በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ጥሩ አትክልት ነው፤ የሐኪም ማዘዣ የሚተካ ግን አይደለም። ይህንን እዚያው የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ቅር አሰኝቶኛል።

11ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። በመሸንቲ በኩል ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ ወጣት ሰላምታም ሳይጨምር ዘሩ መቼ ተዘራ፣ ችግኙስ መቼ ተዛመተ ሲል ብቻ ጠየቀ። በ12ኛው ጠያቂዋ መለሰች። በታኅሣሥ አጋማሽ ዘርታ፣ በጥር መጨረሻ አዛምታ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ራስ ስትጠብቅ ቆይታ ሚያዝያ ላይ ተስፋ ቆርጣ መጻፏ ነው።

13ኛው መልስ የክሩ፣ ማለትም የውይይቱ፣ እምብርት ነው፤ የመሸንቲው ልጅ እዚህ ላይ መስመር አልቆጠበም። የብሮኮሊ ራስ በደንብ የሚጠጥረው አማካይ ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ እንደሆነ፣ እምቡጡ በሚጀመርበት ሰሞን ከ25 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ለቀናት ከዘለቀበት እምቡጦቹ እኩል እንደማያድጉ፣ በመካከላቸው ቅጠል እንደሚበቅል ወይም ሳይጠጥሩ ወደ አበባ እንደሚሮጡ ዘረዘረ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀትሩ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሌሊቱም በደንብ አይቀዘቅዝም። በታኅሣሥና በጥር ግን ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የሚያስደርበው ይህ ብርድ ብሮኮሊውን ያድነዋል። ስለዚህ ጠያቂዋ የተከለችበት ከተማ አልበደላትም፤ የተከለችበት ወር እንጂ። ለብሮኮሊ በሚስማማው በታኅሣሥና በጥር የእሷ ብሮኮሊ ገና ችግኝ ነበር፤ ራስ የሚሠራበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ገባ።

የሒሳቡ አሠራርም ቀላል ነው፤ ልጁ ከመከሩ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ራሱ በታኅሣሥና በጥር እንዲደርስ ከተፈለገ ችግኙ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ መዛመት አለበት። ችግኝ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚፈልግ ዘሩ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይዘራል። ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መቅበር፣ የነሐሴ ዝናብ እንዳያጥበው የችግኙን መደብ በላስቲክ ወይም በሣር ዳስ መሸፈን፣ ሲዛመት ደግሞ በችግኞቹ መካከል 45፣ በመስመሮቹ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር መተው። ጠያቂዋ ያያያዘችውን ፎቶ መለስ ብዬ ሳየው የእሷ ችግኞች በግማሽ ስፋት ተጠጋግተው ነበር። ይህንን ግን ልጁ ሳያነሣው አለፈ፤ ምናልባት ዋናውን ነገር እንዳያደበዝዝ አስቦ ይሆናል።

14ኛው መልስ የፋሲሎው ሰው መመለስ ነው። አየር ንብረቱ አይሆንም ብሎ የነበረው ሰው አሁን አቋሙን ገልብጦ፣ ጎረቤቱ በሚያዝያ የጠጠረ ብሮኮሊ ቆርጦ ማየቱንና የመሸንቲው ልጅ የሚለው የመጽሐፍ ንባብ መሆኑን በቁጣ ጻፈ። ሙቀት አያስቸግርም ለማለት ከሆነ የራሱ ኪሳራ ከየት መጣ? ይህንን የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። 15ኛው መልስ ግን ረጋ ብሎ አስታረቃቸው። ዝርያ ከዝርያ ይለያያል፤ ሙቀት እንዲችሉ ተብለው የተዳቀሉ አሉ፣ ከቀትር በኋላ የግንብ ጥላ የሚያርፍበት መደብም ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። በአንጻሩ እንደ ዋልታም 29 ያሉት የቆዩ ዝርያዎች ለቅዝቃዜ የተመረጡ ናቸው። ጠያቂዋ የዘሯን ከረጢት አንብባ እንደሆነ ጠየቀ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ትንሽ ተሸማቀቀ፤ ከረጢት አልነበረም፣ ዘሩን በወረቀት ጠቅልላ የሰጠቻት ጓደኛዋ ናት።

ስለ ዘር ከተነሣ አይቀር 16ኛው መላሽ የራሱን ምሬት አወጣ። ከአንድ ችግኝ ነጋዴ ብሮኮሊ ነው ተብሎ የገዛው ሲያድግ ጥቅል ጎመን ሆነበት። ችግኝ እያሉ እነዚህ ወንድማማቾች በዓይን አይለዩም፤ ገዥው ሊያምን ብቻ ነው የሚችለው። ጓደኛ በወረቀት የሰጠችውም ዘር ከዲቃላ ብሮኮሊ የተለቀመ ከሆነ እናቱን መምሰሉ ዋስትና የለውም። ካላብሬዝን ከመሰለ የቆየ ዝርያ የተያዘ ቢሆን እንኳ አጠገቡ ጥቅል ጎመን ወይም የአበባ ጎመን ካበበ ንቦቹ ይደባልቁታል። 17ኛው ደግሞ ስለ ዕድሜ ተናገረ። በትንሽ ላስቲክ ውስጥ ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ ችግኝ ሥሩ ተጠምዝዞ ስለሚጨነቅ፣ መደብ ላይ ሲያርፍ ያረጀሁ መስሎት ቁልፍ የምታህል ራስ አውጥቶ ይቆማል። ስለዚህ ገበያ ላይ ረጅሙን ችግኝ መምረጥ ትርፍ የሚመስል ኪሳራ ነው፤ አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል ያለው አጭሩ ይሻላል።

18ኛው መልስ አጭር ጥያቄ ነበር፦ ለምን በክረምቱ ራሱ አይተከልም፣ ያኔ አየሩ ቀዝቃዛ አይደለም ወይ? የመሸንቲው ልጅ በ19ኛው መለሰ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚወርደው ዝናብ መደቡን ውኃ ያስቋጥራል፤ ቅጠሉም ሳይደርቅ ስለሚውል ጥቁር ብስባሽ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ይገባዋል። ምልክቱን እንዲህ አስቀምጦታል፤ ከቅጠሉ ጠርዝ ወደ መሃል ሾጦ የሚገባ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡም የጠቆሩ የቅጠል ሥሮች። ይህ የታየበትን ተክል ነቅሎ ማስወገድ፣ በዚያው መደብም ለሁለት ለሦስት ዓመት ከጎመን ወገን የሆነ ምንም ነገር አለመትከል ነው መፍትሔው። ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ውኃውን ማጠንፈፍ የቻለ ሰው በክረምትም ሊሞክር እንደሚችል አልካደም።

ከዚያ ትል መጣ። በ20ኛው መልስ ከአንዳሳ በኩል የጻፈ ሰው ቅጠሉን ወንፊት ያደረገበትን አረንጓዴ ትል ገለጸ። ገለጻው ዓይን ያለው ሰው ገለጻ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ሆኖ ሥጋውን ግጦ የላይኛውን ስስ ቆዳ እንደ መስኮት ይተወዋል፣ በጣት ሲነኩት ወደ ኋላ እየተርገፈገፈ ሄዶ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ይህ የጎመን የእሳት እራት ልጅ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። መፍትሔው ላይ ግን ሰውየው ጉድ ሠራ፤ ለጫት እርሻው ገዝቶት ከነበረው የተባይ መድኃኒት በተረፈው የብሮኮሊውን ራስ ሳይቀር በየሳምንቱ እንደሚረጨውና ትሉ እንደቀነሰለት በኩራት ጻፈ።

21ኛው መልስ እሳት ነው። የጻፈችው ልጆች እንዳሏት የምትናገር እናት ስትሆን፣ ሰውየው የሚረጨውን እያወቀ ለቤተሰቡ የሚያበላ ከሆነ አትክልት አብቃይ ሳይሆን ሌላ ስም እንደሚገባው ጻፈች። ስሙን እዚህ አልደግመውም። ቁጣዋ ውስጥ ግን ሁለት ትክክለኛ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ የብሮኮሊ ራስ ማለት በሺህ የሚቆጠር የተጠጋጋ እምቡጥ ነው፤ በመካከሉ የገባ መርዝ በውኃ ለቅለቅ በማድረግ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ይህ የእሳት እራት መርዝን በመልመድ የታወቀ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በጃቫ ደሴት ዲዲቲ የተባለውን የተባይ መርዝ መቋቋሙ ተመዝግቧል፣ ከሰብል ተባዮች መካከልም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት መርዝ መርጨት ደካሞቹን ገድሎ ጠንካሮቹን ማርባት ይሆናል። ሰውየው በ22ኛው ከከተማ ሴት ግብርና አልማርም ሲል መለሰ። በ23ኛው አወያዩ ገብቶ የሁለቱንም የመጨረሻ ዐረፍተ ነገሮች ሰረዘና በጨዋነት እንዲቀጥሉ አሳሰበ። እኔን የሚቆጨኝ በዚህ ጭቅጭቅ መሃል የ24ኛዋ ጸሐፊ ጥበብ ተድበስብሶ መቅረቱ ነው። ያረጀ የወባ አጎበር በቅስት ቀርከሃ ላይ ወጥራ መደቡን ከተዛመተበት ቀን ጀምሮ ትሸፍነዋለች፤ እራቷ ገብታ እንቁላል መጣል ስለማትችል ትሉ አይፈጠርም። ክሽክሽ ግን ከአጎበሩ ቀዳዳ ስለሚያንስ ይገባል፤ ለእሱ በውኃ የሟሟ ጥቂት ሳሙና ማምሻውን ከቅጠሉ ሥር ትረጫለች። አመድም ትነሰንስ ነበር፤ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያቃጥል አይታ ትታዋለች።

25ኛው መልስ ክሩን ይዞት ወደ ጣና ሄደ። ጸሐፊው ፍግ መግዛት ለከበደው ሰው ሐይቁ ዳር በነጻ የተከመረ እምቦጭ አለ፣ ብስባሽ አድርጋችሁ ብሮኮሊውን አብሉት የሚል ሐሳብ አመጣ፤ አረሙንም ማዳበሪያውንም በአንድ ድንጋይ። ሐሳቡ ይማርካል። በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ ያወጣው አረም ዳር ላይ ደርቆ ሲቀር ማየት ያስቆጫል። 26ኛው መላሽ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት። የእምቦጭ ዘር እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ክምሩ በመሃሉ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለቀናት ካልጋለና ዳር ዳሩ ወደ መሃል እየተገለበጠ ካልተብላላ ዘሩ በሕይወት ይተርፋል። የግቢው ጎርፍ ደግሞ በቦይ አድርጎ የሚገባው መልሶ ሐይቁ ውስጥ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሐምራዊ አበባው ከመውጣቱ በፊት የተነቀለውን ብቻ፣ ከፍግ ጋር ቀላቅሎ፣ ደጋግሞ ማገላበጥ ለሚችል ሰው ሐሳቡ አይጣልም። ክምር ሠርቶ ለሚረሳ ሰው ግን ሐይቁ ዳር ያለውን እዚያው ቢተወው ይሻላል።

ሐይቅ ከተጠራ ጉማሬ አይቀርም። 27ኛው ጸሐፊ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጓሮ አለው። ስለ ትልና ስለ ክሽክሽ የምታወሩ ሰዎች ተባይ አላያችሁም ይላል። አንድ ሌሊት ጉማሬ አጥሩን ጥሶ ገብቶ በመደቦቹ ላይ ሲመላለስ አደረ። ብሮኮሊውን አልበላውም፤ የፈለገው በዳሩ የበቀለውን ሣር ነበር። ጠዋት ሲወጣ ያገኘው ከአፈሩ ጋር የተደፈጠጠ ችግኝና ባለ አራት ጣት ዱካ ውስጥ የቋጠረ ውኃ ነው። ሚስቱ ዱካውን ለካችው፣ ሳህን ገባበት። 28ኛው ከዘጌ ሆኖ የእኛ ተባይ ጦጣ ነው አለ፣ እሱ ደግሞ እየመረጠ ይበላል። አያይዞም በዘጌ በቆየው ሃይማኖታዊ ሥርዓት መሠረት ማረስና ከብት ማርባት ስለማይፈቀድ ሕዝቡ በቡናውና በጌሾው እንደኖረ፣ በዶማ የሚኮተኮት ትንሽ የጓሮ መደብ ግን ከዚህ ጋር ይጋጭ እንደሆን እርስ በርሳቸው እንደሚከራከሩ ጻፈ። ይህ ራሱን የቻለ ክር የሚወጣው ጉዳይ ነበር፤ ማንም አልተከተለውም።

በ29ኛው መልስ መምህሩ ተመልሰው ሁሉንም ወደ ብሮኮሊው ጠሩ። የፍግ ክርክራቸውን አልደገሙም፤ የመሸንቲውን ልጅ ሒሳብ ወስደው በበዓል አቆጣጠር ለጠያቂዋ አሰናዱላት። ልጄ፣ ለእንቁጣጣሽ ዝሪ፣ ከመስቀል ሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ አዛምቺ፣ የነቢያት ጾም ሳይፈታ ቁረጪ። ገና ከገባ በኋላ ዶሮ ወጥ እያለ ብሮኮሊ የሚያስታውስ ሰው እንደማይኖርም አከሉበት። የአቆራረጡንም ነገር አልዘነጉም፤ እምቡጦቹ የስፒል ራስ ሲያክሉና ገና ጥቅጥቅ እንዳሉ፣ ጠዋት በጤዛው፣ ከራሱ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ግንድ ጨምሮ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ። ተክሉ ካልተነቀለ ከቅጠሎቹ ብብት ትናንሽ ራሶች ለሳምንታት ይወጣሉ። ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት በጨው ውኃ ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ በመካከሉ የተደበቀ ትል ካለ ያስወጣዋል።

ጠያቂዋ በ30ኛው ብቅ አለች። ግማሹን መደብ በብስጭት ነቅላ ለዶሮዎቿ ጥላ ነበር፤ የቀረውን ቅጠል ቀንጥባ እንደምትሠራውና የዘንዘልማዋን ልጅ አማት አሠራር መማር እንደምትፈልግ ቀልዳ ጻፈች። ባሕር ዳር አይሆንም የሚለውን ፍርዷን አላነሣችም፣ አላጸናችምም። በምትኩ ለመስከረም ዘር ከየት እንደምታገኝ ጠየቀችና የአበባ ጎመንም በዚያው ጊዜ አብሮ ይተከል እንደሆነ አከለች።

31ኛው የመሸንቲው ልጅ ነው። ከረጢቱ ያልተከፈተ፣ የዝርያው ስምና ማብቂያ ቀኑ የተጻፈበት ዘር እንድትገዛ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ሳይሆን አሥር አሥር ቀን እያራራቀች ሦስት ጊዜ እንድትዘራ ነገራት፤ የትኛው ሳምንት ለእሷ ግቢ እንደሚስማማ የሚለየው በዚህ ነው። የአበባ ጎመን ግን ለሙቀትም ለውኃ መቋረጥም ከብሮኮሊ ይልቅ ስሱ ነው፣ ራሱ ነጭ ሆኖ እንዲቀርም የራሱን ቅጠሎች ከላይ ሰብስቦ ማሰር ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለመጀመሪያው ዓመት ከአምስት ግንድ በላይ እንዳትተክል መክሯታል።